አክስት ወይስ እንጀራ እናት፤ በእንግሊዝ አገር 72 ዓመት ስለ ቆየው የጋብቻ ክርክር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሚስቱ የሞተችበት አንድ ሰው ሦስት ሕፃናቱን አስከትሎ ወደ እኔ መጣና፥ «የኔታ፥ እነዚህን ልጆች ከእናታቸው እኅት የበለጠ የሚያሳድጋቸው የለም፤ እርሷን ባገባት ቤተ ክርስቲያን ምን ትለኛለች?» ሲል ጠየቀኝ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲናገር የሚስትን እኅት ከተከለከሉት ዘመዶች ጋራ ቈጥሯታልና፥ መልሱ ቀሊል መስሎ ታየኝ፤ «አይሆንም» ብዬ አሰናበትሁት። ሰውየው ከደጅ ከደረሰ በኋላ ዞር ብሎ «ምክንያቱን ቢነግሩኝ ለልጆቹ እነግራቸው ነበር» አለኝ። ያን ጊዜ «ሕግ ስለ ሆነ ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ምክንያት ለጠየቀ ሰው ምክንያት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በየመጽሐፉ ስፈልግ፥ ይህንኑ ጥያቄ የእንግሊዝ መንግሥት ከ1835 እስከ 1907 ድረስ ጳጳሳቱንና መኳንንቱን፥ የዕብራይስጥ መምህራኑንና የሕግ ዐዋቂዎቹን ሲያከራክርበት እንደ ኖረ አገኘሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የአገራችን ሲሆን ለይቼ አመለክታለሁ። አንባቢ ክርክሩ በአማኝና በከሐዲ መካከል የተደረገ እንዳይመስለው አስቀድሜ እለምናለሁ። ሁለቱም ወገን መጽሐፍ ቅዱስን በእጁ ይዞ፥ ሁለቱም ወገን «ቤተ ሰብን የምጠብቅ እኔ ነኝ» እያለ ነው የተሟገተው።

የክርክሩ ሥር በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 18 ነው። በዚያ ምዕራፍ ቍጥር 16 የወንድምን ሚስት ማግባት ተከልክሏል። የሚስት እኅት ግን በስሟ የተጠራችው በቍጥር 18 ብቻ ነው፤ ነገሩም ሰው በሚስቱ ላይ እኅቷን ጣውንት አድርጎ እንዳያገባና እንዳያስቀናት ነው፤ ከዚህም ጋራ ሚስቲቱ በሕይወት ሳለች የሚል ቃል ተጨምሯል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው እዚህ ላይ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ይህ «ሳለች» የሚለው ቃል የሚታሰረው በየትኛው ግሥ ነው? «አታግባ» በሚለው ከታሰረ፥ ክልከላው ሚስቲቱ እስክትሞት ድረስ ብቻ ነውና ከሞተች በኋላ እኅቷ የተፈቀደች ናት ያሰኛል። «እንዳታስቀናት» በሚለው ከታሰረ ግን፥ የሞተች ሴት አትቀናምና፥ ቃሉ የክልከላውን ምክንያት አመለከተ እንጂ ወሰኑን አልቈረጠም። ከዚህም ሌላ፥ በዕብራይስጥ ሴትን ከእኅቷ ጋራ የሚለው አነጋገር አንዲቱን ከሁለተኛይቱ ጋራ ማለት ነው፥ ስለዚህ ቍጥሩ ስለ እኅትማማቾች ሳይሆን ሁለት ሚስት ደርቦ ስለ ማግባት የተነገረ ነው የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ። በአንድ ቃል ማሰሪያ ምክንያት አንድ መንግሥት ይህን ያህል ዘመን ሲናወጥ ማየት፥ በአገባብ ትምህርት የተቀጣ ተማሪን ሳያጽናናው አይቀርም።

የአይሁድ ሊቃውንት የመጀመሪያውን አገባብ ይዘው የሟች ሚስት እኅት ልትገባ ይፈቅዳሉ። ክርስቲያኖች ግን ክርክራቸውን ከቍጥር 16 ጀመሩ። ወንድ የወንድሙን ሚስት እንዳያገባ ከተከለከለ፥ በዚያው ልክ ሴት የእኅቷን ባል ማግባት አይገባትም፤ የዝምድናው ደረጃ እኩል ነውና። ባልና ሚስትም አንድ ሥጋ ከሆኑ፥ የእርሷ እኅት የእርሱም እኅት ናት። «ያዕቆብ ልያንና ራሔልን አግብቶ የለምን?» የሚል ቢኖር፥ ያ ከሕግ በፊት ነው ብለው ይመልሱለታል፤ የዚያ ቤት ሰላም እንዴት እንደ ነበረም ኦሪት ራሱ ይመሰክራል።

ነገሩ በእንግሊዞች የተጀመረም አይደለም። ሁለት እኅትማማቾችን ተራ በተራ ያገባ ሰው ካህን እንዳይሆን ከሐዋርያት ቀኖናዎች አንዱ ይከለክላል። በአራተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ በእስፓኝ አገር በኤልቪራ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የሟች ሚስቱን እኅት ያገባ ሰው አምስት ዓመት ከቍርባን እንዲርቅ ወሰኑ። በ355 ደግሞ ንጉሡ ቈንስታንዮስ የወንድምን ሚስትና የሚስትን እኅት ማግባትን በመንግሥት ሕግ ከለከለ። ከሁሉ ይልቅ ግን የምንፈልገውን ምክንያት የሚነግረን የቂሳርያው ቅዱስ ባስልዮስ ነው። በዘመኑ አንድ ሰው ይህን ጋብቻ የሚፈቅድ ደብዳቤ በዲዮዶሮስ ስም ይዞ ይዞር ነበርና፥ ባስልዮስ ለዲዮዶሮስ ጻፈለት። በመጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ልማድ እንደ ሕግ የጸና መሆኑን ይናገራል፤ ቀጥሎም ሕጉ ዝም ያለውን ነገር ሁሉ እንደ ፈቀደው መቍጠር እንዳይገባ ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። ከሁለቱ እኅትማማቾች የሚወለዱት ልጆች እርስ በርሳቸው ወንድማማች ይባሉ ወይስ የአክስት ልጅ? ለሕፃናቱስ አክስት የነበረችውን ለምን እንጀራ እናት ታደርግባቸዋለህ? እንደ እናት ልታቅፋቸው የሚገባትን ለምን በቅንዓት ታስታጥቃታለህ? ይላል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ሰው ከደጅ ቆሞ የጠየቀኝን ምክንያት ያገኘሁ መሰለኝ። እንጀራ እናት የሚለው ቃል በአገራችን ምን ያህል እንደሚመር ማንም ያውቃል። የእናት እኅት ልጆቹን የምትወደው ከአባታቸው ምንም ሳትፈልግ ነው፤ ሚስቱ ከሆነች በኋላ ግን የራሷ ልጆች ይመጣሉ፥ ርስቱም ይከፈላል። የእንግሊዝን ክርክር ስመረምር ደግሞ፥ ይኸው የባስልዮስ ምክንያት በሁለቱም ወገን አፍ ተገለባብጦ አገኘሁት።

በእንግሊዝ አገር ስለ ጋብቻ ዝምድና መጽሐፍን ጠቅሶ መሟገት የተለመደው በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ ነው። ሄንሪ በ1509 የሟች ወንድሙን የአርተርን ሚስት ካትሪንን በሮም ፓፓ ፈቃድ አገባ። ኋላ ወንድ ልጅ ሳይቀርለት ሲቀር፥ በዘሌዋውያን የተከለከለውን ፓፓ ሊፈቅድ አይችልም ብሎ ተነሣ። የተቃወሙት ሰዎች በዘዳግም ምዕራፍ 25 ወንድም ልጅ ሳይወልድ የሞተ ወንድሙን ሚስት እንዲያገባ መታዘዙን ጠቀሱበት። በ1533 ጋብቻው ፈረሰ፤ በማግሥቱም ዓመት አገሩ ከሮም ተለየ። ከዚያ በኋላ የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ማትዩ ፓርከር ማን ማንን እንዳያገባ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ፤ ሰንጠረዡም ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋራ እየታተመ ይነበብ ነበር። የሚስት እኅት በዚያ ውስጥ ነበረች።

አሁን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እስከ 1835 ድረስ በጋብቻ ዝምድና የተከለከለ ትዳር በራሱ ፈራሽ አልነበረም። የሚያፈርሰው የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ነበር፤ እርሱም ሁለቱ በሕይወት ሳሉ ከሳሽ ከመጣ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሞተ በኋላ ትዳሩ ሊነካ፥ ልጆቹም ዲቃላ ሊባሉ አይችሉም ነበር። ክልከላው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፍርዱም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህም ለጥፋትም ለምሕረትም ስፍራ ይተው ነበር።

በ1835 ሎርድ ሊንድኸርስት አዲስ ሕግ አቀረበ። ምክንያቱ የቦፎርት መስፍን ነው ይባላል። መስፍኑ ሚስቱ በሞተች በማግሥቱ ዓመት፥ በ1822፥ የእርሷን የአንድ ወገን እኅት አግብቶ አልጋ ወራሽ ልጅ ወልዶ ነበርና፥ ከሳሽ ቢነሣ የልጁ ውርስ አደጋ ላይ ነበረ። ሕጉም ከነሐሴ 31 ቀን 1835 በፊት የተፈጸመውን እንዲህ ያለውን ጋብቻ ሁሉ እንዳይፈርስ አጸና፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚፈጸመውን ግን ከመነሻው እንዳልተደረገ ይቈጠራል አለ። ስለዚህ ያለፈው ሁሉ ተማረ፤ የሚመጣው ሁሉ ያለ ዳኛና ያለ ከሳሽ ተፈረደበት። አንዱ መስፍን ዳነ፤ በማግሥቱ ያገባ ጫማ ሰፊ ግን ልጆቹ ዲቃላ ሆኑበት።

በእኔ አስተያየት የቀደመውን ሥርዐት ወዳዶች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ትርጓሜያቸው የአባቶችን ዱካ የተከተለ ነበር፤ በዚያ አልነቅፋቸውም። ነገር ግን ፓርላማ በአንድ ክረምት ያወጣውን ሕግ ጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት እንደ ሆነ አድርገው ተሟገቱለት። ኤልቪራ አምስት ዓመት ቀኖና በሰጠበት ነገር ላይ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ፈራጅና ሐኪም ነበረች፤ እነርሱ ግን ሁለቱንም ሥልጣን ለፓርላማ አስረከቡ። ፓርላማ የዘጋውን በር ፓርላማ ሊከፍተው እንደሚችል ማሰብ ነበረባቸው።

በሩን ማንኳኳት ብዙም አልዘገየም። በ1842 ክልከላውን የሚያነሣ ረቂቅ ለእንደራሴዎች ምክር ቤት ቀርቦ ወደቀ። በ1847 መንግሥት መርማሪ ኮሚሲዮን አቆመ፤ ኮሚሲዮኑም በማግሥቱ ዓመት የ1835ቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ጋብቻ እንዳላስቀረው ገለጠ። ከመሰከሩት መካከል በኦክስፎርድ የዕብራይስጥ መምህር የነበረው ኤድዋርድ ፒዩዚ ይገኛል፤ እርሱም ከባስልዮስ ጀምሮ የአባቶችን ቃል ደርድሮ ክልከላው የእግዚአብሔር ሕግ ነው አለ። ወዳጁ ጆን ኪብልም በ1849 ቅዱስ ጋብቻን ማርከስ ነው ብሎ የተቃውሞ ጽሑፍ አሳተመ። የአይሁድ አለቃ ረቢ ናታን አድለር ግን በእነርሱ ዘንድ ይህ ጋብቻ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚመሰገን እንደ ሆነ ለኮሚሲዮኑ አስታወቀ። ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ከነበሩት ፕሮቴስታንቶችም ብዙዎቹ፥ መጽሐፍ በግልጥ ያልከለከለውን ሰው ሊከለክል አይችልም ሲሉ ለውጡን ደገፉ።

ከዚህ በላይ ግን ሰውን ያነጋገረው የቤቱ ነገር ነው። ለውጡን የሚሹት እንዲህ አሉ። ድኻ ሰው ሚስቱ ስትሞትበት ሞግዚት የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም፤ ሕፃናቱን ለማሳደግ የምትመጣው የሚስቱ እኅት ናት። ቤቱ ምናልባት አንድ ክፍል ነው። ሁለቱ ቢዋደዱ ሕጉ ወይ ከልጆቹ ይለያታል፥ ወይ በኀጢአት ያኖራታል። እንጀራ እናት መምጣቷ ካልቀረ፥ ከባዕድ ይልቅ የእናታቸው እኅት አትሻልምን?

የቀደመውን ሥርዐት ወዳዶች የመለሱት መልስ ግን እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ዛሬ የሟች እኅት በእኅቷ ባል ቤት ያለ ሐሜት የምትኖረው ሕግ እኅቱ ናት ስለሚላት ነው አሉ። ልታገባው የምትችል ሴት ካደረጋችኋት፥ ቀብሩ በተፈጸመ ማግሥት ከቤቱ መውጣት ይኖርባታል፤ ጎረቤት ምን ይላል? ሚስቲቱስ በሕይወት ሳለች ታማ ተኝታ እኅቷ ቤቷን ስታስተዳድር በምን ዐይን ታያታለች? ስለዚህ ለጥቂቶች ሚስት ለመስጠት ከብዙ ሕፃናት አክስታቸውን ትወስዳላችሁ አሉ። ይህ የባስልዮስ ቃል ነው። ተቃዋሚዎቻቸው የያዙትም የባስልዮስን ሕፃናት ነው። እውነቱን ለመናገር፥ በአንዱ ቤት ይህኛው፥ በሌላው ቤት ያኛው እውነት እንደሚሆን ሰው ሆኖ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕግ ግን ለሁሉ ቤት አንድ ነው።

ገንዘብ ያለው ሰው ባሕር ተሻግሮ ያገባ ነበር። አንድ እንግሊዛዊ የሟች ሚስቱን እኅት በ1850 በዴንማርክ ግዛት አገባ፤ ከሞቱ በኋላ ስለ ውርስ ክርክር ተነሥቶ በ1861 የመኳንንት ምክር ቤት እንግሊዛዊ በየትም ቢያገባ በአገሩ ሕግ የታሰረ ነው ብሎ ጋብቻውን እንዳልነበረ ፈረደ። ይህም ሆኖ ሰው መሻገሩን አልተወም። ክርስቶስ ፋኖስ ይዞ በር ሲያንኳኳ የሚያሳየውን «የዓለም ብርሃን» የተባለውን ሥዕል የሣለው ሆልማን ሀንት፥ ሚስቱ ፋኒ በ1866 በፍሎረንስ ከሞተችበት በኋላ በ1875 በስዊስ አገር እኅቷን ኤዲትን አገባ። በአገሩ ሕግ ትዳሩ ትዳር አልነበረም። ያ ሥዕል ዛሬ የተሰቀለው በኦክስፎርድ፥ በጆን ኪብል መታሰቢያ በተሠራው ኮሌጅ ነው። የሥዕሉን ሠሪ ትዳር ኪብል ማርከስ ብሎት ነበር፤ ሥዕሉ ግን ደቀ መዛሙርቱ በሚጸልዩበት ቤት ይታያል። ይህን የጻፍሁት አንዱን ወይም ሌላውን ለመዝለፍ አይደለም።

ረቂቁ በየጊዜው እየቀረበ ይወድቅ ጀመር። የእንደራሴዎቹ ምክር ቤት ቢያሳልፈው፥ ጳጳሳት የሚቀመጡበት የመኳንንት ምክር ቤት ይጥለዋል። ዓመት በመጣ ቍጥር የሚነሣ ነገር በመሆኑ በቲያትር ሳይቀር መሣቂያ ሆነ። የንግሥት ቪክቶሪያ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ ሳይቀር ድምፁን ለለውጡ ሰጥቶ ነበር። በ1883 ረቂቁ በመኳንንቱ ምክር ቤት ሁለተኛውን ንባብ አልፎ በሦስተኛው በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ካናዳ ግን ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፥ በ1882፥ ፈቅዳ ነበርና፥ በአንድ ዘውድ ግዛት አንዲት ሴት በካናዳ ሚስት፥ በእንግሊዝ ግን እኅት ልትባል ቻለች።

በመጨረሻ በነሐሴ 1907 ሕጉ ወጣ፤ ያን ጊዜ ንጉሥ የነበረው ያው ኤድዋርድ አጸደቀው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ራንዳል ዴቪድሰን ተቃውሞ ነበር። ሕጉ የሟች ሚስትን እኅት ማግባትን ፈቀደ፤ ቀድሞ የተፈጸመውንም አጸና፤ ማጋባት የማይፈልግ ካህን እንዳይገደድ ከለላ ሰጠ። ነገር ግን ሚስቱን የፈታ ሰው እርሷ በሕይወት ሳለች እኅቷን እንዳያገባ ከለከለ። የዘሌዋውያን ቍጥር 18 የመጀመሪያው አገባብ፥ ያ የተጨቃጨቁበት «ሳለች»፥ የመንግሥት ሕግ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። ከዚህም ጋራ ባል ከሚስቱ እኅት ጋራ ቢያመነዝር እንደ ዘመድ ዝሙት የሚቈጥረውን የ1857 ሕግ እንዳለ ተወው። ስለዚህ ሚስቲቱ እስክትሞት ድረስ እኅትዮዋ ዘመድ ናት፤ ከሞተች በኋላ ባዕድ ናት።

የክርክሩ መራራ ክፍል የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው በ1907 በካናዳ የሚስቱን እኅት ያገባ አንድ ምእመን በኖርዊች አቅራቢያ ወዳለች ቤተ ክርስቲያን ከሚስቱ ጋራ ሊቈርብ ቢቀርብ፥ ካህኑ ከለከለው። ካህኑ የሕጉን ከለላ ጠቀሰ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዳኛ ግን በ1908 ከለላው ለማጋባት እንጂ ቍርባንን ለመከልከል አይደለም፥ በአገሩ ሕግ ያገባም ሰው በግልጥ ኀጢአት የሚኖር ሊባል አይቻልም ሲል ፈረደበት። ካህኑ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት ይግባኝ እያለ እስከ መኳንንቱ ምክር ቤት ወጣ፤ በ1912 እዚያም ተረታ። ሰባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጋብቻ ምንድር ነው ሲባል የቈየው ጥያቄ፥ ማን ይቍረብ ወደሚል ተለወጠ፤ የመለሰውም ፓርላማ ያጻፈውን ሕግ የተከተለ ዳኛ ነው። አባቶቼ ካህናት ከዚህ ታሪክ ቆም ብለው ሊያስቡበት የሚገባ አንድ ገጽ ቢኖር ይህ ነው።

በ1921 ደግሞ እንግሊዝ የሟች ወንድምን ሚስት ማግባትን ፈቀደች። ይህ ዘሌዋውያን በቍጥር 16 በስም የጠቀሰው፥ ሄንሪ ስምንተኛም አገሩን ከሮም የለየበት ነገር ነው። ከ1914 እስከ 1918 በነበረው ጦርነት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በየቤቱ ነበሩና፥ የቀድሞውን ያህል ጩኸት ሳይሰማ አለፈ። በ1960 የተፈታች ሚስት በሕይወት ሳለች እኅቷን ማግባትም ተፈቀደ፤ «ሳለች» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ከሕጋቸው ወጣ።

በእኛ አገር በ1992 ዓ.ም. በአገራችን አቈጣጠር የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ በሌላ ብዙ ነገር ከፍትሐ ነገሥት ቢርቅም፥ ወንድ የሚስቱን እኅት፥ ሴትም የባሏን ወንድም እንዳያገቡ በአንቀጽ 9 ይከለክላል። ያ ሰው በሌላ ቀን ሲመጣ ይህንንም፥ የባስልዮስንም ቃል ነገርሁት። ልጆቹ ዛሬ በአክስታቸው ቤት ናቸው፤ እርሱም ማታ ማታ እየሄደ ያያቸዋል።